ነፋስ የቆጠረው ቆጣሪ

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዛሬም ሰመራ ላይ በማደያ በኩል ሳልፍ የናፍጣ ሽታ ሲመታኝ ቆም እላለሁ፤ የአጎቴ ቆጣሪ ድምፅ ይመጣብኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ያሳደገኝ አጎቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ ዴፖ ውስጥ ለቦቴዎች ናፍጣ ይሰፍር ነበር። ቆጣሪው ቧንቧው መሀል የተጋደመ ሆዳም ብረት ነው። አንድ ቀን ተፈቶ ሲጸዳ ውስጡን አሳየኝ፤ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ትግል እንደገጠሙ ጎረምሶች ተያይዘዋል።

"ናፍጣው ሲገፋቸው ይዞራሉ፤ በዞሩ ቁጥር እኩል እኩል ሰፍረው ያሳልፋሉ። ባለሱቁ ስኳር በጣሳ እንደሚሰፍርልሽ በይው።"

ዓይን የሌለው ብረት ይህን ማወቁ እንዴት ይደንቀኝ ነበር!

በረመዳን አንድ ቀን ሾርባና ቴምር ይዤለት ሄድኩ። አንድ የደጋ አገር ሾፌር ቦቴውን እያስሞላ ነበር። ፀሐይ ገብታ አዛን ሲል ራሱ ሾፌሩ "ኧረ አፍጥር ወንድሜ! ቆጣሪው እንደሆነ አይጾም!" አለው። አጎቴ ስቆ ቴምሩን ጎረሰና ለሰላት ቆመ።

እሱ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ሱጁድ ላይ ሳለ የቆጣሪው ድምፅ ተለወጠ። ቀጭ፣ ቀጭ ሲል የነበረው ድንገት ቀጭቀጭቀጭ እያለ ሮጠ። ደስ ያለው መስሎኝ ሳቅኩ። አጎቴ ሲመለስ የታዘዘው ቁጥር ሞልቶ ቆሟል፤ ቦቴውን ሸኘው።

በማግስቱ ናፍጣው የሄደበት የጥጥ እርሻ ላይ በዘንግ ሲለካ ጎደለ። ሾፌሩ መንገድ ላይ ሸጧል ተብሎ አዋሽ ድረስ ተመልሶ ቀበሌ ታሰረ። ያኔ "አሻጥር" የሚሉት ቃል ነበር፤ አንዴ ከተለጠፈብህ መመለስህን እንጃ።

ወሬው ቤታችን ሲደርስ የቆጣሪውን ሩጫ አነሳሁ።

"መቼ?" አለ አጎቴ።

"አንተ ስትሰግድ።"

ዴፖ ሄዶ ማጠራቀሚያውን ከፍቶ አየ፤ ደርቋል። ናፍጣው ሲያልቅ ፓምፑ ነፋስ ስቧል። ብረቶቹ የገፋቸውን ሁሉ ይቆጥራሉና ነፋሱንም ናፍጣ ብለው ቆጥረውታል። ይህ እንዳይሆን መጠበቅ ደግሞ የአጎቴ ሥራ ነበር።

ቤት ተመልሶ ይህን ነግሮን ወደ ቀበሌ ሊሄድ ሲል ሚስቱ በሩ ላይ ቆመችበት። "አንተ ሰው፣ በአላህ ዝም በል! እሱን ፈተው አንተን ቢያስሩስ?"

"ሰው በእኔ ታስሮ በምን አፌ ላፍጥር?" አለና ወጣ። ተከተልኩት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ሳቀበት። "የሰረቀው ነፋስ ነው በለኛ!"

"ነፋስ አልሰረቀም ጓድ ሊቀመንበር። እኔ ነኝ ናፍጣ ብዬ የሰፈርኩት። ኑና እዩ።"

ዴፖ ወሰዳቸው። ከቧንቧው አፍ ሥር ባዶ በርሜል አቁሞ፣ በደረቀው ማጠራቀሚያ ላይ ፓምፑን አስነሳ። ቆጣሪው ያን ሩጫውን ሮጠ፤ ቁጥሮቹ ተገለባበጡ። ሊቀመንበሩ በርሜሉ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ቆየ።

"ደረቅ ነው" ሲል ድምፁ ከበርሜሉ ውስጥ አስተጋባ።

አጎቴ አጠገቤ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ቀን ረጅም ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሾፌሩ ሳይመሽ ተፈታ። አጎቴን ከሥራው አሰናበቱት።

ከዒድ በኋላ ሎጊያ ወርዶ ጎሚስታ ከፈተ። ያ ሾፌር ከአሰብ በተመለሰ ቁጥር፣ ጎማው ደህና ቢሆንም እንኳ ያቆም ነበር። አጎቴም ቦቴውን ዞሮ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ይለካና የጎደለውን ነፋስ ሞልቶ ይሸኘው ነበር።