ሁለት ካሜራ ለዐሥር ቀን

እህቴ ከአልጋ እንዳትወርድ የታዘዘችው ከፋሲካ በኋላ፣ የሠርጉ ሰሞን ሲጀምር ነበር። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። ሐኪሙ እስክትወልጂ ተኝተሽ ቆዪ አላት፤ ተኛች። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት ነበራት። ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ የምርቃትና የሠርግ ሥራ ትቀበላለች። በዚያው ሳምንት ደግሞ ዓመታት ያገለገለቻት ካሜራ ተበላሸች። ሲጫኗት ድምፅ ታሰማለች እንጂ የምታወጣው ፎቶ ግማሹ ጥቁር ነው። የሚጠግነው ሰውዬ አገላብጦ አያትና ደክማለች ብሎ መለሰልን።

እኔ ያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የሥራ ጥሪ እጠብቅ ነበር። መጠበቅ ሰውን ያፈዝዛል። ጠዋት ተነስቼ በረንዳው ላይ እቆምና ወደ ጮቄ ተራራ በኩል ያለውን ሰማይ ሳይ እውላለሁ። ደመናው ከተራራው ወገብ ላይ ተነስቶ ወደ ላይ ሲሳብ፣ እኔም አብሬው የምሳብ ይመስለኝ ነበር። ካሜራ መያዝን ያስተማረችኝ እህቴ ናት። እሷ ግን ፊት ታነሳለች፤ እኔ ደመና፣ አጥር ላይ ያደረ ጤዛ፣ መንገድ። ሰው የሌለበት ፎቶ ማን ይገዛልሻል ብላ ትስቅብኝ ነበር።

ገበያው አጠገብ ራዲዮና ስልክ የሚሸጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ የሚላቸው ነጋዴ አሉ። ከአዲስ አበባ ሁለት ካሜራ እንደመጣላቸው ሰምተን እኔ ሄድኩ። ሁለቱም ትንሽ የተሠራባቸው፣ ለጀማሪ የሚባሉ ዓይነት ናቸው። የሁለት የተለያዩ ፋብሪካዎች ሥራ ቢሆኑም በሩቁ ላያቸው መንታ ይመስላሉ። በእጄ ሳነሳቸው ነው ልዩነቱ የገባኝ። አንዷ ቀለል ትላለች፤ ስክሪኗም ወደ ጎን ተከፍቶ ይዞራል። ሌላዋ ከበድ ትላለች፣ ስክሪኗ አይንቀሳቀስም፣ እጅ ላይ ስትቀመጥ ግን እንደ ድንጋይ ጸጥ ትላለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀላሏና ከባዷ አልኳቸው።

ያለን ገንዘብ ለአንዷ ብቻ እንደሚበቃ ለሐጂ ነገርኳቸው። ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

"አባታችሁ ነፍሱን ይማረውና ሳይሞክር የገዛው ነገር አልነበረም፤ እናንተም ሞክሩ፤ በዐሥር ቀን አንዷን መልሽልኝ" አሉኝ።

እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ሁለቱንም ደረቷ ላይ አስቀምጣ ረጅም ጊዜ ዳሰሰቻቸው። ከዚያ የምሄድበትን ነገረችኝ። ይጁቤ ላይ ቀድማ የተቀበለችው ሠርግ አለ። ደብረ ወርቅ ደግሞ አንድ የቅኔ መምህር አሉ፤ የቀድሞ ተማሪያቸው አሁን አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው፣ የየኔታን ፎቶ ግድግዳዬ ላይ መስቀል እፈልጋለሁ ብሎ አዟል። በተረፈው ቀን የምፈልገውን እንዳነሳ ፈቀደችልኝ። ሁሉንም በሁለቱም አንስቼ እንዳመጣላትና የምትሻለዋን አብረን እንድንመርጥ ተስማማን። እኔ ግን በልቤ የመረጥኩት ያኔውኑ ነበር። ከባዷን ፈልጌያታለሁ። 

መጀመሪያ የሄድኩት ለራሴ ነው። ከጮቄ ሥር ወዳለችው ከተማ፣ ሮብ ገበያ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ በእግር ወደ ላይ። የበልግ ዝናብ ጀምሮ ስለነበር መሬቱ ጥቁርና ለስላሳ ሆኗል። የድንች ማሳዎቹን አልፌ ጅብራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል ከሚቆምበት ስደርስ ጉሙ ወረደ። ሲወርድ ድምፅ ያለው ይመስለኛል፤ ጆሮን ቀስ አድርጎ ይደፍናል። ከፊቴ የነበረው ሸንተረር ጠፋ፣ ከዚያ ጅብራዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ፣ መጨረሻ ላይ የቀረሁት እኔና ሁለቱ ካሜራዎች ነበርን። ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። በመሐል አንድ ሰው ፈረሱን እየሳበ ከነጩ ውስጥ ብቅ አለና እንዴት ዋልሽ ብሎኝ ተመልሶ ነጩ ውስጥ ገባ። የፈረሱ ኮቴ ሰውዬው ከጠፋም በኋላ ትንሽ ቆየ።

በሁለቱም አነሳሁት። ቀላሏ ጉሙን እንደ ታጠበ አንሶላ አንድ ወጥ ነጭ አድርጋ አወጣችው። ከባዷ ግን ነጩን ከነጩ ለየችው። ከኋላ ያለውን ሸንተረር፣ ከሸንተረሩ ኋላ ሌላ ሸንተረር፣ ዓይኔ ያላየውን ሁሉ ቀስ አድርጋ አስቀምጣለች። ጥላው ውስጥ ያለው ጥቁር አፈር እንኳ ጥቁር ብቻ አልነበረም። እዚያው እርጥብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ስክሪኗን ሳይ፣ ካሜራዋ እኔ የማስበውን የምታስብ መሰለኝ።

የይጁቤው ሠርግ በሁለተኛው ቀን ነበር። ሁለቱንም አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ሴቶቹ ተሳሳቁብኝ። ሰዉ ይዘፍናል፣ አቧራው ይነሳል፣ ብርሃኑ በድንኳኑ ሸራ አልፎ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል። ለረጅም ጊዜ በከባዷ ሠራሁ። ፈልጌ ነው፤ እንድትችል ፈልጌ።

ሙሽራዋ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። አባቷ ቀጭን፣ ረጅም ገበሬ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ፊታቸው ሳይፈታ፣ ከማንም ጋር ሳይጫወቱ ተቀምጠው ውለዋል። ሙሽራዋ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች። ያኔ የሰውዬው ቀኝ እጅ ከጉልበታቸው ላይ ተነሳ። ከልጅቷ ራስ ላይ ሸርተት ያለውን ዓይነ ርግብ በሁለት ጣታቸው ይዘው አስተካከሉት፤ የሚሰበር ነገር እንደሚነካ ሰው። ከዚያ እጁ ተመለሰ፤ ፊታቸውም እንደነበረ ሆነ።

ሙሽራዋ ጎንበስ ስትል ከባዷን አንስቼ ተጭኜ ነበር። ሌንሱ ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ የሚይዘውን እየፈለገ እዚዝ አለ። እጁ አምልጦኝ ባዶ ጉልበት ብቻ እንደሚቀርልኝ ሲገባኝ፣ ግራ እጄ ሳላዘው ቀላሏን ከደረቴ ላይ አንስቶ ተጫናት። ሦስት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ አለች። ድንኳኑ ጥግ ገብቼ ሳየው ሦስቱም ውስጥ እጁ አለ። ሲነሳ፣ ሲነካ፣ ሲመለስ። የሰውዬው ቆዳ በዚያ ሰማያዊ ብርሃን ውስጥ እንኳ ሞቅ ያለ፣ ሕይወት ያለው መልክ ይዟል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ልቤ ዝቅ አለ።

ወደ ቤት ስመለስ መኪናው ውስጥ እነዚያን ሦስት ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ጣቴ መሰረዣው ላይ ነበር። እህቴ ባታያቸው ምን እንደጎደላት አታውቅም፤ ከባዷንም ትመርጣለች። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ማሰቤን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ ስጽፈው እንኳ ፊቴ ይሞቀኛል። ሳልሰርዛቸው ካሜራዋን አጠፋሁ።

ከሁለት ቀን በኋላ ደብረ ወርቅ ሄድኩ። የኔታ የሚያስተምሩት ጎጇቸው ውስጥ ነው። ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። ቁርበት በተነጠፈበት መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ከደከመ ቆይቷል። አምስት ስድስት የሚሆኑ ተማሪዎቻቸው መሬቱ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንዳዘዘኝ ስነግራቸው የዚያን ተማሪ ስም ሁለት ጊዜ በቀስታ ጠሩና፣ ሰነፍ ነበር፣ ድምፁ ግን መልካም ነበር አሉ።

ከባዷን ስታንድ ላይ አቆምኩ። እንዳይንቀሳቀሱ ስለምናቸው በዚህ ዕድሜዬ የት እሄዳለሁ አሉኝ። እውነትም እንደሳቸው ጸጥ ብሎ የሚቀመጥ ሰው አይቼ አላውቅም። ካሜራዋ ዓይኗን ከፍታ ቆየች፤ እሳቸውም ቆዩ፤ ከውጭ የሚመጣው የዝናብ ሽታ እንኳ የቆመ መሰለኝ። ፎቶው ሲወጣ የጋቢያቸው ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ከኋላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ጨለማው ውስጥ ወርቅማ ሆኖ ይታያል። ከዚህ በኋላ ማን ምን ይላል ብዬ በልቤ ተሟገትኩ።

ዕቃዬን ሰብስቤ፣ ስታንዱን አጥፌ፣ ቀላሏ ብቻ አንገቴ ላይ ቀርታ ልሰናበታቸው ስል የኔታ እጃቸውን ወደኔ ዘረጉ።

"ልጄ፣ እስቲ አንሺኝ" አሉኝ።

ሌላ ፎቶ የፈለጉ መሰለኝ። ቀላሏን ከደረቴ ላይ አንስቼ አነሳኋቸው። እጃቸው እንደተዘረጋ ቀረ። ተማሪዎቹ ተያዩ። አንዱ አፉን በነጠላው ሸፈነ። ያኔ ነው እግራቸው ስለደከመ ከተቀመጡበት ደግፌ እንዳስነሳቸው እንደለመኑኝ የገባኝ። በሐፍረት ደንዝዤ ቆምኩ።

የኔታ እጃቸውን ሳያጥፉ ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

"እኔ ከመደቡ አንሺኝ ብላት፣ እሷ ከነመደቡ አነሳችኝ" አሉ።

ጎጆው ፈረሰ ማለት ይቻላል። ተማሪዎቹ ሳቁ፣ የኔታም ሳቁ፤ አንገታቸው ወደ ኋላ ሄዶ፣ ሁለት የቀሩ ጥርሶቻቸው ታይተው፣ ዓይናቸው ጠፍቶ። ጣቴ ራሱ ተጫነ። ከዚያ ካሜራዋን ወደ ጀርባዬ አዙሬ በሁለት እጄ ደግፌ አስነሳኋቸው። ክብደት አልነበራቸውም፤ ደረቅ ሣር ያቀፍኩ ያህል ነበር። በር ድረስ ይዣቸው ወጣሁ። ዝናቡን ቆመው እያዩ፣ ዛሬ ሁለት ጊዜ ተነሳሁ አሉ ለራሳቸው።

ያ የሳቅ ፎቶ በብርሃን እጦት አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ጋቢያቸው ጥርት አላለም፣ ግድግዳው ጥቁር ነው። ግን የኔታ እዚያ አሉ። በከባዷ ባነሳሁት ውስጥ ያሉት የቅኔ መምህር ናቸው፤ በዚህኛው ውስጥ ያሉት ሽማግሌ፣ ሕፃን፣ ሁሉም።

ማርቆስ ስመለስ እህቴ ትራሷን ከፍ አድርጋ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አስቀድሜ የከፈትኩላት የጮቄውን ጉም ነው።  ከዚያ የኔታ ጸጥ ብለው የተቀመጡበትን። ከባዷ በጨለማ እንዴት እንደምታይ፣ ጥላ ውስጥ ያለውን እንዴት እንደምታወጣ፣ ባትሪዋ እንዴት ቶሎ እንደማያልቅ አስረዳኋት። ብዙ አወራሁ። ስጨርስ፣ ሠርጉስ አለችኝ።

ከፈትኩላት። የሙሽራዋ አባት እጅ ያለባቸውን ሦስቱን ስታይ ጣቷ ቆመ። ከመጀመሪያው ወደ ሦስተኛው፣ ከሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ተመላለሰች። 

"አባባም በኔ ሠርግ እንዲህ አድርጎ ነበር፤ ዓይነ ርግቡን አልነበረም፣ የጆሮ ጌጤን ነው፤ ተጠምዞ ነበር፤ ማንም አላነሳውም" አለች።

እኔም አላየሁም ነበር። በዚያ ሠርግ ቀን እዚያው ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ ምን እያየሁ እንደነበር እንጃ። አባታችን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት አልቆየም። እህቴ ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እኔም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም ሲወጣልን፣ ይኼን ያነሳችው ቀላሏ ናት፣ ከባዷ አምልጧት ነበር አልኳት። ጣቴ መሰረዣው ላይ እንደነበረ ግን አልነገርኳትም። ፊቴን አየችኝና አንቺ የምትፈልጊው ከባዷን ነው አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ለፎቶ ቤቱ ግን ቀላሏ እንደምትሻል እኔው ነገርኳት። እጄን ጨብጣ ያዘችው።

በዐሥረኛው ቀን ከባዷን በዚያው ጨርቅ ጠቅልዬ ለሐጂ መለስኩ። ፊቴ ላይ ያለውን አይተው ሻይ አዘዙልኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እህቴ ጤና ጠየቁኝ። ሱቁን ለቅቄ ስወጣ ዞሬ አላየሁም።

እህቴ ሐምሌ መግቢያ ላይ በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ክረምቱን ፎቶ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከሰው ፊት ጋር መዋል መጀመሪያ ይከብደኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጉርድ ፎቶ ለመነሳት የሚመጣ ሰው፣ ካሜራው ከተጫነ በኋላ የያዛትን ትንፋሽ ሲለቅ ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር ማየት ለመድኩ። ያቺ ትንፋሽም የራሷ ጉም አላት።

መስከረም ላይ የታተሙትን ፎቶዎች ይዤ ለየኔታ ወሰድኩላቸው። ለተማሪያቸው የቱን እንደምልክ ራሳቸው እንዲመርጡ ፈልጌ ነው። ሁለቱንም ዓይናቸው ድረስ አስጠግተው አዩ። ጸጥ ብለው የተቀመጡበትን መለሱልኝ።

"ይኼኛውን ላኪለት፣ እንደ ድሮው ይፍራኝ" አሉ። የሳቁበትን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት።

በጥቅምት፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ እህቴ ከነልጇ ሮብ ገበያ እንድወስዳት ጠየቀችኝ። እስከዚያ ቀን ወደ ተራራው ወጥታ አታውቅም ነበር። ሕፃኗን እኔ አዘልኩ፤ ካሜራዋ እሷ አንገት ላይ ነበረች። የገብሱ ማሳ ቢጫ ሆኖ ሽቅብ ይሄዳል፣ ከላይ ነፋሱ ይዞት ይወርዳል። ጅብራዎቹ መሐል ስንደርስ ከሸለቆው ስስ ጉም ተነሳና እግራችን ሥር ተኛ። እህቴ ቆመች። ታነሳለች ብዬ ጠበቅኋት። ካሜራዋን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ይዛ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ ዝም ብላ ታያለች። ሕፃኗ ጀርባዬ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ ትንፋሿ አንገቴን ያሞቀኛል። ማናችንም ለመሄድ አልቸኮልንም።