የሰጠሁትን ችግኝ መልሱልኝ ብዬ የዞርኩበት ቀን

ይህ ነገር ያጋጠመኝ በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ አምቦ ከተማ መምህር ሳለሁ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ስለሚያስቅ አይደለም። ባስበው ባስበው ስለማይገባኝ ነው።

ተክል እወዳለሁ። ባለቤቴ "ይበቅላል ካሉህ የሰው ጥርስም ትተክላለህ" እያለች ታሾፍብኛለች። የጎመንና የሽንኩርት ዘር የምገዛው ከጉደር ለገበያ ከሚመጡ ኦቦ ለሚ ከሚባሉ ሰው ነበር። የሌላ ሰው ዘር አይቸረችሩም፤ በጓሯቸው ራሳቸው እየመረጡ፣ እያዳቀሉ የሚያወጡት ነው። ጎመናቸው አንድ ቀን አሳፍሮኝ አያውቅም።

አንድ ዓመት በልግ ላይ ሁለት ትንንሽ የወረቀት ጥቅል ሰጡኝ። አንደኛው አጭርና ቅጠሉ የበዛ፣ ሌላው ረጅምና ቀጭን የሚሆን ዝርያ ነው አሉ። ለገመድ የሚሆን ቃጫ እንደሆነ፣ ብዙ ዓመት እንደደከሙበት፣ የእሳቸው ጓሮ ደግሞ እንደጠበባቸው ነገሩኝ። ወንዱ ተክል ከሴቷ ተለይቶ ሲታወቅ፣ ዝርያው እንዳይደባለቅ ነቅዬ እንድጥለው አስጠነቀቁኝ። ለማንም እንዳልሰጥም አደራ አሉኝ። እኔም የድካማቸው ውጤት ስለሆነ ሳስተው ነው ብዬ አለፍኩት።

ዘሩ ጉድ ሆኖ በቀለ። ሲጠባበብ የግድ ማሳሳት ነበረብኝ፤ ግን ደህና ችግኝ ነቅሎ መጣል አንጀቴ አልቻለም። ከነአፈሩ እያነሳሁ ለአምስት ስድስት ጎረቤት አደልኩ። በእኛ ሰፈር ችግኝ ይዞ የመጣን ሰው "ይሄ ምንድነው?" ብሎ የሚመረምር የለም፤ ተመርቆ ይተከላል።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተማሪዬ የነበረ የፖሊስ ሳጅን እቤት መጣ። ሚስት ሊያገባ ስለሆነ ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ሊለምነኝ ነው። ጓሮ ወንበር አውጥቼ እያወራን ሳለ ዓይኑ ያ ተክል ላይ አረፈ። ተነስቶ ቅጠሉን በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተ።

"ቲቸር፣ ይሄ ካናቢስ ነው" አለኝ። "ሀሺሽ የሚሉት። የሚያሳስር ነገር ነው።"

ለገመድ ነው፣ ቃጫ ነው ብዬ አስረዳሁት። ስለ ወንዱ ስነግረው ግን ለማጨስ የሚያመርቱትም ወንዱን እንደሚነቅሉ ነገረኝ። ደነገጥኩ። ቀጥሎ በሐሳቤ የመጣብኝ ደግሞ የጎረቤቶቼ ደጃፍ ነው።

"ዛሬ የመጣሁት ሽማግሌ ልለምን ነው" አለ በሩ ላይ ሲደርስ። "ነገ ጠዋት ግን ዩኒፎርም ለብሼ ነው የምመጣው።"

የራሴን ነቅዬ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርኩና ሰፈሩን ዞርኩ። የሰጡትን መልሱልኝ ማለት እንዴት እንደሚያሳፍር ያየ ያውቀዋል። የተክል በሽታ ገብቶበታል ብዬ ዋሸሁ። አንዷ ምን አስቀየምንህ አለችኝ። አንዱ ጎረቤቴ ደግሞ ነቅሎ እግሬ ስር ወረወረልኝ፤ እኔ መቼ ለመንኩህ ብሎ።

መጨረሻ የደረስኩት አዴ ጫልቱ ጋ ነው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ችግኙን ደጃቸው ላይ፣ ቁጭ ብለው መንገድ ከሚያዩበት ድንጋይ አጠገብ ተክለው ከእኔ ይልቅ አሳምረውታል። በሽታ ገብቶበታል ስላቸው አልሰጥም አሉኝ። ከታመመ አስታምመዋለሁ እንጂ አልነቅለውም አሉ።

ብለምን ብለምን እምቢ አሉ። ነገ ፖሊስ ይዟቸው ሲሄድ ታየኝና እውነቱን ነገርኳቸው። አልጮኹም፣ አልተቆጡም። በሁለት እጃቸው ጎትተው ነቀሉትና ሥሩ ላይ ያለውን አፈር አራግፈው ሰጡኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለታቸው ነው። "አውቀህ ነው የሰጠኸኝ?"

አላወቅኩም ብዬ ማልኩ። "ቶሌ፣ እሺ" አሉና ገቡ። ያመኑኝ አልመሰለኝም።

ሳጅኑ በማግስቱ መጣ። የተቆፈረውን አፈር አየ፣ ስለ ሽምግልናው ብቻ አውርተን ሄደ። እኔ ግን ጉደር ድረስ ወርጄ ኦቦ ለሚን ፈለግኩ፤ ቤታቸው ተዘግቷል። አንዳንዱ ሸነን ከተማ ዘመድ ጋ ሄደዋል አለኝ፣ ሌላው ታመው አዲስ አበባ ናቸው አለኝ። ገበያም ተመልሰው አልመጡም።

ለማንም አትስጥ ያሉኝ ዝርያቸው እንዳይወሰድባቸው ነው ወይስ ጉዱ እንዳይወጣ? እውነት ለገመድ ነበር? አንድ ቀን ሌባ አደርጋቸዋለሁ፣ በማግስቱ ያ ሁሉ ጎመን ትዝ ይለኝና በልቤ ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። እስካሁን አልቆረጥኩም።

አዴ ጫልቱ ሰላምታ አልነፈጉኝም፤ በበዓልም ይጠሩኛል። ዕድሜያቸው ቢገፋም ዛሬም የጎመን ችግኝ ስወስድላቸው ይመርቁኛል። ከመቀበላቸው በፊት ግን ችግኙን ትተው ፊቴን ያያሉ።