የአደራ ደንበኛ

የካቲት 18 ቀን እህቴ ስትሞት፣ ለመስኮቷ የጀመረችው የዳንቴል መጋረጃ ግማሽ እንኳ አልደረሰም ነበር። ኪሮሹ የመጨረሻው ዙር ላይ እንደተሰካ ነው። የክሩ ጥቅል ከአልጋው ሥር ተንከባሎ ገብቷል።

ልቅሶ የመጡት ሰዎች ስለ እሷ ብዙ ተናገሩ፤ ከተናገሩትም ልክ ያልሆነ ነበረበት። የተማርኩትም የምሠራውም መዝገብ መጠበቅ ነውና ስለ ሰው የተሳሳተ ነገር ተነግሮ እንደዚያው ሲቀር አልወድም። «ሆቴል ቤት ትሠራ ነበር» አሉ። ሴተኛ አዳሪ ነበረች። «ድንገት ተቀጠፈች» አሉ። የሞተችው በማህፀን በር ካንሰር ነው፤ ድንገትም አልነበረም። «ለራሷ ቸልተኛ ነበረች» ያሉት ግን ከሁሉም የራቀ ነው። እህቴ ቸልተኛ አልነበረችም። ቀናተኛ ነበረች።

የምትኖረው ከአንድ መጠጥ ቤት ጀርባ ባለ ግቢ ነበር። ክፍሎቹ በአንድ ረድፍ የተሠሩ ናቸው፤ እያንዳንዱ አልጋ፣ የመታጠቢያ ሳፋና በምስማር የተንጠለጠለ መስታወት አለው። ቧንቧው አንድ፣ የልብስ ማስጫው ሽቦም አንድ። የእህቴ ክፍል በግቢው በር ጥግ ስለሆነ ጎረቤቶቿ ወጣ ሲሉ ቁልፋቸውን እሷ ዘንድ ጥለው ይሄዳሉ። አንድም ቀን ከማንም ክፍል መርፌ ጠፋ አልተባለም። በዚህ ምክንያት እናታችን ያወጣችላት ስም ተረሳና «ወይዘሮ ቁልፍ» ሆና ቀረች። የራሷ ቁልፍ ግን ከጡት መያዣዋ አይወጣም፤ ቅጂም አልነበረውም። ልጠይቃት ሄጄ ካጣኋት እኔ እንኳ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነበር የምጠብቃት።

በግቢው «የአደራ ደንበኛ» የሚሉት አሠራር አለ። ከሴቶቹ አንዷ ስትታመም ወይም ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ቋሚ ደንበኛዋ ሌላ ሰፈር እንዳይለምድ ለጎረቤቷ አደራ ትሰጣለች። ጎረቤቲቱ ታስተናግደዋለች፤ ባለቤቲቱ ስትመለስ ትመልሰዋለች። ስልኩን አትይዝም፣ ስጦታውን አትቀበልም፣ «ማናችን እንሻላለን» ብላ አትጠይቅም። ይህን ያፈረሰች ሴት ቧንቧው ዘንድ የሚያናግራት አታገኝም። በአደራ ጠባቂነት ደግሞ እህቴን የሚያክላት አልነበረም።

አንድ ጠዋት ከጤና ጣቢያው አንዲት ሲስተር ወደ ግቢው መጣች። ሴቶቹን ሳፋቸውን ገልብጠው እንዲቀመጡ አድርጋ አስረዳቻቸው። በሽታውን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ከወንድ ጋር የተኛች ሴት አብዛኛዋ አንድ ቀን ታገኘዋለች፤ የብዙዎቹም ሰውነት በራሱ ያጠፋዋል። ብዙ ሰው የምታስተናግድ ሴት ግን ደጋግማ ስለምታገኘው፣ ሳይጠፋ ቀርቶ የማህፀኗን በር እየበላ ሊቆይ ይችላል። ኮንዶም ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አይከለክለውም። ሲጀምር ሕመም የለውም፤ እስኪያም የጠበቀች ዘግይታለች። ከዚያ ለየአንዳንዳቸው ናሙና መውሰጃ ሰጠቻቸው፤ በየክፍላቸው ገብተው ራሳቸው ወስደው መለሱ።

ቫይረሱ እህቴና ጎረቤቷ ላይ ተገኘ። ጎረቤቷን በቅጥነቷ «ጭራሮ» ይሏታል፤ በዕድሜ ከእህቴ ታንሳለች፣ ምላሷ ግን ከዕድሜዋ ቀድሞ የተወለደ ነው። ሲስተሯ ሁለቱንም ጤና ጣቢያ ጠርታ የማህፀናቸውን በር አቼቶ ቀብታ አየች። የሁለቱም ላይ ነጭ ምልክት ወጣ። ሕክምናው ቀላል ነው፤ ቦታው በሙቀት ይተኮሳል፣ ወዲያው ያልቃል። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቁስሉ እስኪድን አንድ ወር ሙሉ ወንድ አይነካም።

ጭራሮ ቀድማ ታከመችና ወሯን አረፈች። ደንበኛዋን፣ አንድ መላጣ ሰዓት ሠሪ፣ ለእህቴ አደራ ሰጠች። ወሩ ሲያልቅ እህቴ ሰውየውን ክንዱን ይዛ እስከ ጭራሮ በር አደረሰችው።

«ይኸው፣ ሳላጎድል አስረከብኩሽ» አለቻት። «ስትሰጪኝም ፀጉር አልነበረውም።»

ሰዓት ሠሪው ራሱ ሳቀ።

ቀጥሎ የእህቴ ተራ ነበር። የእሷ ደንበኛ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ደንበኛ ማለቱ ራሱ ያንሰዋል። ጭነቱ በዚህ በኩል ባለፈ ቁጥር ይመጣል፤ የተበላሸውን የበሩን ማጠፊያ የሠራላት እሱ ነው፤ በዚያ ሁሉ ቅጽል ስም መሀል በእናታችን ስም የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር። ኮንዶም የማትጠቀመውም ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ይህንን የነገረችኝ እንደ ማዕረግ ነበር።

የቀጠሮዋ ቀን ገላዋን ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ ወጣች። ሽቦው ላይ የሾፌሩ ሸሚዝ ተሰጥቷል፤ ማታውን ያጠበችው ራሷ ናት፣ ነገር ግን በጨለማ ነበር ያጠበችው። አሁን በብርሃን ስታየው ሁለተኛው ቁልፍ በሰማያዊ ክር ተተክሏል። የእህቴ የክር ሳጥን ውስጥ ሰማያዊ አልነበረም። በግቢው ሰማያዊ ክር ያላት ጭራሮ ብቻ ናት።

ጭራሮ አልካደችም። ትናንት ሾፌሩ ሲመጣ እህቴ ገበያ ነበረች፤ በሯ ስለተቆለፈ እንደ እኔ ደጃፉ ላይ ቆመ። የሸሚዙ ቁልፍ ተንጠልጥሎ አይታ ሰፋችለት። ይኸው ነው።

«እላዩ ላይ እንዳለ?» አለቻት እህቴ።

«ታዲያ አስወልቄው ቢሆን ይሻልሽ ነበር?»

እህቴ አልሳቀችም። ጭራሮ ቀልዱን ትታ ቀረብ አለቻት። ሲስተሯ እየጠበቀች እንደሆነ፣ ሰውየውን ለሌላ የማትሰጠው ከሆነም አደራውን ለእሷ እንድትተው ለመነቻት።

«አንቺ የኔን መልሰሽልኛል» አለቻት። «እኔ የማልመልስልሽ እመስልሻለሁ?»

«አንቺማ ትመልሺዋለሽ» አለች እህቴ። «የሚመለሰው ግን ያው እሱ አይሆንም።»

ከዚያ ሸሚዙን ከሽቦው አውርዳ ሰማያዊውን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ክፍሏ ገብታ በነጭ ክር ደግማ ሰፋችው። ጤና ጣቢያ አልሄደችም።

ለሲስተሯ «ሌላ ቦታ ታከምኩ» አለቻት። ለእኔም እንዲሁ። እኔ አመንኳት። እውነቱን የምታውቀው ጭራሮ ብቻ ነበረች፤ በእህቴ በር አንድም ወር ሰው ሳይገባ አላለፈምና። ደጋግማ ልታነሳባት ሞክራለች። በተናገረች ቁጥር የሚመለስላት አንድ ነው፦ «ምነው፣ ሾፌሩ ናፈቀሽ?» እንዲህ የተባለች ሴት ምን ትመልሳለች? ማንሳቱን ተወች። አንዷ ቀንታ፣ ሌላዋ ቀናሽ እንዳትባል ፈርታ፣ ቁስሉ በመሀላቸው ሥራውን ሠራ።

ሾፌሩን ማንም አልወሰደባትም። የጭነቱ መስመር ተቀየረና በሌላ ከተማ ማለፍ ጀመረ። አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ቀረ። እህቴ ግን ይህን ለማመን ብዙ ፈጀባት። ጭራሮ ክፍል የወንድ ድምፅ ሲሰማ ሳፋ ይዛ በበሩ ታልፋለች፤ ጆሮዋን ስታቆም የምትሰማው የሰዓት ሠሪውን ሳል ነው። አንድ ቀን ጭራሮ በሩን ድንገት ከፍታ «ግቢና እዪው፣ መላጣው ነው» ብላታለች። ግቢው ሁሉ ሲስቅ ዋለ። እህቴ ለሳምንት አላናገረቻትም።

ከቀረችበት ቀጠሮ በሦስተኛው ዓመት ያለ ጊዜው ደም ይታያት ጀመር። ወገቧን ያማታል፤ ሽታም መጣ። ሽታውን በሽቶ ሸፈነችው። ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሲርቁ ይህንንም በጭራሮ አሳበበች። ሆስፒታል ስትገባ ሐኪሙ በሽታው ከማህፀን አልፎ መሄዱን ነገረን። አለመታከሟን የሰማሁት ያን ቀን በኮሪደሩ ላይ ነው፤ የነገረችኝም እህቴ ሳትሆን ጭራሮ ናት።

ወደ ክፍሏ ከተመለሰች በኋላ የምታጥባት ጭራሮ ነበረች። ሳፋውን እኔ ልያዝ ብል እህቴ እምቢ አለች። «አንቺ ንጹሕ ልብስ ለብሰሻል፤ ውጪ ጠብቂኝ» ትለኛለች። የአንድ እናት ልጅ ሆኜ፣ እንደ ድሮው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ከውስጥ የውሃውን ድምፅና የሁለቱን ንግግር እሰማ ነበር። ይጨቃጨቁ ነበር። ከእኔ ጋር ተጨቃጭቃ አታውቅም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጭራሮ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ እህቴ በመስኮቱ ተከትላ አየቻት። መጋረጃውን የጀመረችው በዚያ ሰሞን ነው። ኪሮሹን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ «እኔ እምቢ ያልኩትን ወር ለብሳ ነው የምትሄደው» አለችኝ። ያለ ሐዘን ነው የተናገረችው፤ ሰው የሌላውን አዲስ ቀሚስ አይቶ እንደሚናገር።

የታከመች ሴት ተመልሳ መታየት አለባት። ጭራሮ የድጋሚ ምርመራዋን ከዓመት ዓመት ስትገፋው ቆይታለች። መጀመሪያ ሥራ፣ ኋላ ደግሞ አስታማሚነቷን ሰበብ አደረገች። እውነቱ ፍርሃት ነበር። እህቴን በየቀኑ እያጠበች እንዴት አትፈራ። ከዚህ በታች ያለውን የነገረችኝ እሷው ናት፤ ሁለት ጊዜ ጠይቄያት ሁለቴም ሳታዛባ ነግራኛለች።

በጥር መጨረሻ አንድ ጠዋት እህቴ ከአልጋዋ ወርዳ ጫማዋን አደረገች።

«ተነሺ፣ እኔ አደርስሻለሁ።»

«አንቺን ማን ያደርስሻል?»

«ስመለስ አንቺ።»

በየአጥሩ እየተደገፈች ሄደች። ጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የጭራሮን ቦርሳ አቅፋ ጠበቀች። ሲስተሯ አውቃታለች፤ እጇን ያዘቻት። ጭራሮ ስትወጣ ውጤቱ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር። አቼቶው ምንም አላወጣም፤ ናሙናውም ኋላ ንጹሕ ሆኖ መጣ።

እህቴ ቦርሳውን እያቀበለቻት «ቀናሁብሽ» አለቻት።

«በሾፌሩ ከቀናሽው ይበልጣል?»

«አይ፣ የሾፌሩ ይበልጣል።»

ሲመለሱ፣ ጥላ ሥር ማሽን ዘርግቶ ቁልፍ የሚቀርጸው ሰውዬ ዘንድ ቆመች። ከጡት መያዣዋ ቁልፏን አወጣች፤ ከገላዋ የወጣ ስለሆነ ይሞቅ ነበር። አንድ ቅጂ አስቀረጸች። ቤት ደርሰው አዲሱን ሲሞክሩት መሀል ላይ ያዘ። ጭራሮ «ግድ የለም፣ ይሠራል፤ ነገ እኔ እወስደዋለሁ» አለቻት። እህቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይዋጥላትም። ያንኑ መንገድ በአጥሩ እየተደገፈች ተመልሳ ሄደች፤ ሰውዬው ጥርሱን ሞረደላት። ስትመጣ በሩን ከውጭ ቆለፈችው፣ በአዲሱ ከፈተችው፣ ደግማ ቆለፈችው፣ ደግማ ከፈተችው። ከዚያ ለጭራሮ ሰጠቻትና ገብታ ተኛች።