ከጋሽ ታደለ ጋር ለባስ ዓሣ የተለማመድንበት ዓርብ

ዓርብ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፤ ሰቨን ሲስተርስ

መኪናዬን ሳቆም ጋሽ ታደለ ከሚኖሩበት ሕንፃ በር ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው። ሁለት የማጥመጃ ዘንግ፣ አንድ ባልዲ፣ በፌስታል የተቋጠረ ዳቦ ይዘዋል። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው ግን ትምህርት ቤት እንደተዘጋለት ልጅ ያበራል።

«አረፈድክ።»

«አምስት ደቂቃ ነው እኮ ጋሼ።»

«ዓሣ አምስት ደቂቃ አይጠብቅም።»

እሳቸው ያልሰሙትን ለአንባቢ ልንገር። ታናሽ ወንድማቸው መኮንን ረቡዕ ዕለት ካናዳ ውስጥ ሞቷል። የመኮንን ልጅ የደወለው ለእድራችን ነው። የእድሩ ሰዎች ትናንት ተሰብስበው፣ መርዶው ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸው አሉ። ቅዳሜ ብዙው ሰው ሥራ አይገባም፣ ቤቱ ይሞላል፣ ብቻቸውን አያለቅሱም። ደንባችን ነው፤ እኔም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። የእኔ ድርሻ ዓርብን ከስልክና ከሰው አርቄ ማዋል ነበር። እምቢ የማይሉት ነገር አንድ ብቻ ስለሆነ እሱን መረጥኩ፤ ለነሐሴው ጉዞ ልምምድ እንሂድ አልኳቸው።

የነሐሴው ጉዞ ወደ መኮንን ነው። ሁለቱ ዝዋይ ዳር ቆሮሶ ዓሣ እያጠመዱ ያደጉ ናቸው፤ ካርቱም ላይ ከተለያዩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። መኮንን ከሰፈሩ ሐይቅ ስሞልማውዝ ባስ የሚባል ዓሣ ያጠምዳል። ያጠምድ ነበር። እዚህ አገር የለም፤ አፉ ትንሽ፣ ጉልበቱ የጉድ ነው ይባላል።

ሦስት ሰዓት፤ ዌምብሊ

መንገዱ ተጨናንቋል፣ ሱቁ እስኪከፈትም ጠብቀናል፤ ሰማዩ እንደ ቆሸሸ ሳፋ ነው። የማጥመጃ ዕቃ ሱቁ ውስጥ የጎማና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለ። ጋሽ ታደለ ደብተራቸውን አውጥተው በመኮንን ትእዛዝ የጻፉትን አነበቡ፦ ቡናማ የላስቲክ ትል፣ ቀጭን ክር፣ የጎማ ጫማ። ትሉ በፓኬት አራት ፓውንድ ነው። ሁለት አነሱ።

«አንዱ ይበቃል ጋሼ።»

«አንዱ የመኮንን ነው። እዚያ ውድ ነው ብሎኛል።»

ከፍዬ ወጣሁ። ጋሽ ታደለ መኪናው ውስጥ ሲገቡ ስልካቸውን ፈለጉ። ዓርብ ዓርብ ለመኮንን ይደውላሉ። ስልኩ ጠዋት ዕቃ ስንጭን እንድይዝላቸው ሰጥተውኝ የዘጋሁት ነው፤ ኪሴ ውስጥ ነበር።

«ቻርጁ አልቋል፤ እኔ ጋ ነው» አልኩ።

ሰባት ሰዓት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ኩሬ

የቀን የማጥመጃ ፈቃድ አሥራ አምስት ፓውንድ፤ ውሃው ጥቁር፣ ዳሩ ጭቃ። ጋሽ ታደለ አንዲት የመዳፍ ስፋት የማታክል ፐርች የምትባል ዓሣ ያዙና አፏን በዝግታ ከመንጠቆው አላቀው ለቀቋት።

«ሂጂ፤ ለመኮንን አንቺን አላሳየውም» አሉ። ቀጥለውም፣ «በል አሁን ቲኬቱን ቡክ አድርግልኝ፤ ካርዴ ይኸውና።»

«ሰኞ ዋጋው ይወርዳል ይላሉ።»

አተኩረው አዩኝ። «ፊትህ ከጠዋት ጀምሮ ልክ አይደለም። ከሚስትህ ተጣልተሃል?»

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

ግማሽ ሰዓት ሙሉ መከሩኝ። በማይረባ ነገር ከመኮንን ተኳርፈው ሁለት ዓመት ሳይነጋገሩ እንደቀሩ፣ ያ ሁለት ዓመት ዛሬም እንደሚቆጫቸው ነገሩኝ። «ኩርፊያ አታሳድር» አሉኝ። ራሴን ጠላሁት።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ መመለሻ

«ስልኩን ቻርጅ አድርጌ ጠዋት አመጣልዎታለሁ» አልኩ በራቸው ላይ።

«እንግዲያው ነገም እንሂዳ! በዚያው ሰዓት ና።»

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። «እሺ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ እመጣለሁ» አልኩ።

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ተኩል፤ ሰቨን ሲስተርስ

አሥራ ሁለት የእድር ሰዎች ሆነን ደረጃውን ወጣን። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንኳኳ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ ለእኔ ቶሎ ይከፍታሉ ብለው ነው። ቶሎ ከፈቱ። ባልዲው በአንድ እጃቸው፣ ዘንጉ በሌላው።

«ዛሬስ አላረፈድክም» አሉ እየሳቁ።

ከዚያ ከኋላዬ ያሉትን አዩ። አንድ በአንድ አዩዋቸው። ማን እንደሞተ አልጠየቁም፤ የቀራቸው አንድ ወንድም ነበር።

«ትናንት ታውቅ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ባልዲውን አስቀመጡ። ዘንጉን፣ መንጠቆው የሰው ልብስ እንዳይዝ ዞር አድርገው ከግድግዳው አስደገፉት። እጃቸውን ዘረጉልኝ። ልደግፋቸው መስሎኝ ክንዴን ሰጠሁ።

«ስልኬን» አሉ።

ሰጠኋቸው። ያለቀሱት ስልኩ ከእጃቸው ከገባ በኋላ ነው።