ባለቤት የለውም ያልኩት ዛፍ

ይህን እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእህቴም ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። አባ ሲጠይቁኝ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን እዘረዝርና ይህችን ዘልያት እነሳለሁ። ዛፍ በመቁረጥሽ ነው ወይ የምታለቅሺው ብለው እንዳይስቁብኝ ፈርቼ ይሆን? አይደለም። ዛፉን ከነገርኳቸው የቀረውንም ስለሚጠይቁኝ ነው።

አሰብ የመጣሁት ከኮምቦልቻ ነው። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እናታችን ሞተችና ታላቅ እህቴ እትዬ አልማዝ ወሰደችኝ። እትዬ የወደብ ሠራተኞችን በወር ክፍያ ታበላ ነበር። አንድ ዓመት ላምባ ከቀበሌው ሱቅ ጠፋ። ተመጋቢዎቹ፣ «ነዳጅ ማጣሪያ አጠገብ ተቀምጠን በጭስ ልናልቅ ነው!» እያሉ ይሳሳቁ ነበር። እንጨት መፈለግ የእኔ ሥራ ሆነ። አሸዋና ጥቁር ድንጋይ ባለበት አገር እንጨት ከየት ይምጣ?

ያገኘችልኝ ሃዋ ናት። ሃዋ የአፋር ልጅ፣ በዕድሜ እኩያዬ ናት። በራሔይታ መንገድ ካለው የባሕር ዳር መንደራቸው የፍየል ወተትና የደረቀ ዓሣ ይዛ ቤታችን ትመጣ ነበር። እኔ ሰው ፊት አንገቴን የምደፋ ነኝ። እሷ ደግሞ ትስቅብኛለች፤ «አንቺ ሐበሻ! አፍሽን ለሠርግሽ ነው ያስቀመጥሽው?» ትለኛለች። አሰብ ውስጥ እንዳወራ ያስቻለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

አንድ ቀን ወደ መንደሯ ወሰደችኝ። ባሕር ውስጥ የቆመ ዛፍ ያን ቀን አየሁ። ባሕሩ ሸሽቶ ስለነበር ሥሮቹ ከጭቃው ወደ ላይ እንደ ጣት ቀጥ ብለው ወጥተዋል። ቅጠሉን ቆርጣ አስላሰችኝ፤ ጨው ነው።

«ዝናብ ሲጠፋ ግመሉም ፍየሉም የሚኖረው በዚህ ነው» አለችኝ። ከሥር የረገፈውን ቅጠል በእጇ ገለጥ ስታደርገው ከጥፍር የማያልፉ ነፍሳት ተፈናጠሩ፤ በሥሮቹ መካከል በቀረው ውኃ የዓሣ ጫጩቶች ተሯሯጡ። «የወደቀውን ቅጠል ሸርጣን ይበላዋል። ሸርጣኑን ዓሣ። ዓሣውን ወፍና አባቴ።» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና፣ «የደረቀውን ውሰጂ። እርጥቡን አትንኪ። እኛ ዘንድ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ያስቀጣል» አለችኝ።

አላወቅሁም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም። ሃዋ ባትነግረኝም አውቀው ነበር። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ሣር፣ ፌንጣ፣ እንቁራሪት፣ ጭልፊት ሥለው በቀስት አያይዘው፣ ሣሩ ቢጠፋ ምን ይሆናል ብለው ጠይቀውን ነበር። «ሁሉም ይራባል» ብዬ ጽፌ ትክክል አግኝቻለሁ። ያንን የጻፈ እጅ ነው መጥረቢያውን የያዘው። ለፈተና ያወቅሁትን ነገር ለሰው ማወቅ እንዴት አቃተኝ?

የደረቀው እንጨት ለእትዬ ምድጃ አልበቃ አለ። እትዬ ተቆጣች፤ ምግብ ሲዘገይ ሰዎቹ ወደ ሌላ ቤት ሊሄዱ ነው አለች። ከተመጋቢዎቹ አንዱ ጋሼ ተካ የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እንጨት ያለበትን አውቃለሁ ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በተሰበሰበበት ድምፄን አሰማሁ፤ እትዬም «ጎሽ የእኔ ልጅ!» አለችኝ።

ቦታው ስንደርስ ጋሼ ተካ ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን አየ። እሱ እንኳ ጠየቀ።

«ባለቤት አለው እንዴ?»

«የለውም» አልኩ።

«እንዴትስ ይኖረዋል? ጨው ውኃ ጠጥቶ የሚያድግ ምን ዛፍ ነው፤ የባሕር አረም ነው እንጂ!» አለና መጥረቢያ አቀበለኝ። እርጥቡን ቆረጥኩ። እኔ ቆረጥኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስን፤ ሃዋና አባቷ ገበያ የሚወጡበትን ቀን እየጠበቅን። ቀኑን ያወቅሁትና የነገርኩት እኔ ነኝ። የመኪናችንን ዱካ ያዩ ሌሎች መኪኖችም ተከተሉ። በወር ውስጥ ቁጥቋጦው ጉቶ ሆነ።

ከዚያ የሃዋ አጎት እሷን አስከትለው ቤታችን ደጃፍ መጡ። የመንደሩ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛ ይናገራሉ። በትራቸውን ተደግፈው ቆሙ፣ ተቀመጡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ልጄ፣ ቦታውን ለሾፌሮች የሸጠችው ሃዋ ናት ይላሉ። ከከተማ ሰው ጋር የምትውለው እሷ ብቻ ናት። እሷ ወላሂ አልሸጥኩም ትላለች። አንቺ ጓደኛዋ ነሽ፤ መኪናውን ማን አመጣው?»

ሃዋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ታውቅ ነበር። ከአፌ እስኪወጣ ነበር የምትጠብቀው። እትዬ ከኋላዬ ቆማለች። አንገቴን ደፋሁና፣ «አላውቅም» አልኩ።

እትዬ ትከሻዬን ዳበስ አድርጋ፣ «ዓይናፋር ናት አባቴ፤ እሷን አያስጨንቁብኝ» አለቻቸው።

ዓይናፋርነቴ ነበር? ለጋሼ ተካ «የለውም» ስል የት ነበር ታዲያ ዓይናፋርነቴ? ስፈልግ የምለብሰው፣ ስፈልግ የማወልቀው ነጠላ ሆኖልኝ ነበር።

ሃዋ ፍየሎቿን በቅጣት አስረከበች። ለመጨረሻ ጊዜ ያገኘኋት ገበያ ላይ ነው፤ የምትሸጠው ወተት አልነበራትም። «አንቺ ዝም ስትይ ጨዋ ናት ይሉሻል። እኔ እውነት ስናገር ሌባ አሉኝ» አለችኝና ሄደች።

በዓመቱ በጋሼ ተካ መኪና በዚያ ሳልፍ አስቁሜ ወረድኩ። ጭቃውን የሚይዘው ሥር ስለሌለ ማዕበል ጠርጎት አሸዋ ሆኗል። ሸርጣን የለም፣ ጫጩት የለም፤ ወፎቹም የሉም። የሃዋ አባት ውኃው ውስጥ ቆመው መረባቸውን ይጎትታሉ። የወጣላቸው ሣር ነው። አራግፈው እንደገና ጣሉት። ቀርቤ ሰላም ሳልላቸው ወደ መኪናው ተመለስኩ። ብዙም ሳይቆይ ያ ቤተሰብ የቀሩትን ግመሎች ይዞ ወደ ዒድ ከተማ በኩል ሄደ ሲሉ ሰማሁ። እኔ ያሰብኩት ዛፍ እንደቆረጥኩ ነበር። የቆረጥኩት የፍየሉን መኖ፣ የዓሣውን ቤት፣ የሰውዬውን እራት ነው፤ የአንዲት ልጅን ስምም ከዘመዶቿ መካከል።

ድሆች ነበርን፣ ልጅ ነበርኩ ብል ትምሩኝ ይሆናል። እናንተ ግን የጎደለባችሁ ነገር የለም፤ ያልተበደለ ሰው ይቅርታ ምን ያደርግልኛል?

የሃዋ አጎት አልሄዱም። አሁንም አርብ አርብ ለጸሎት አሰብ ይመጣሉ። ባለፉት ሦስት አርቦች መስጊዱ በር ላይ ጠብቄያቸው፣ ሲወጡ እያየሁ ሳላናግራቸው መንገድ ተሻግሬያለሁ። መኪናውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ሃዋ አልዋሸችም። ይህችን ለመናገር የሚቀረኝ ርቀት ከእንጨት ለቀማው መንገድ ያነሰ ነው። እዚህ ላይ መጻፌ ለእሳቸው እንደ መናገር አይቆጠርልኝ።