ሰባተኛው ነጥብ

ጋሼ ጀማነህ የመረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሆነው የተመረጡት በሃያ ሦስት ድምፅ ነው። ተወዳዳሪ አልነበራቸውም፤ ወንበሩን የሚፈልግ ጠፍቶ ነው። እሳቸው ግን ከአዳራሹ ሲወጡ አረማመዳቸው ሁሉ ተለወጠ። ከመርካቶ ክብ ማኅተም አስቀርጸው አስመጡ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝና አውቃለሁ፤ ለልጃቸው አስተማሪ ሳይቀር ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ አጽፈውኛል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ የእኛ ማኅበር ሹመት ግን የሚበላ ነገር የለውም።

እንጀራቸው እዚህ ሰው አገር፣ ሪከንባከር በሚባለው ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና መንዳት ነው። እዚያ አንድ ቀን የቀረ ሰው አንድ ነጥብ ይያዝበታል፤ ሰባት ሲሞላ ይሰናበታል። ጋሼ ስድስት ነበራቸው፤ ሁሉም በማኅበር ጉዳይ። አንዱ የእትዬ ብርነሽ ባል ቀብር ነው። አንዱ የእኔ ነው፤ ሺፍት ስለነበረኝ እናቴን ሐኪም ቤት ወስደውልኛል።

ከዚያ የማኅበራችንን አባል እናናዬን አከራይዋ ከቤት ሊያስወጣት ፍርድ ቤት አቆማት። አስተርጓሚ ጋሼ፣ ቀጠሮው በሥራ ቀን።

«ጻፊ» አሉኝ። «ስማቸው ከላይ የተጠቀሰው ግለሰብ በሕዝብ የተመረጡ ስለሆኑ፣ ከሥራ ሲቀሩ እንዳልቀሩ ተቆጥሮ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን።»

«ማን ይፈርማል ጋሼ?»

«ሊቀመንበሩ ነዋ።»

«ስለ ራስዎ?»

«ስለ ተመራጩ ነው።»

በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ ማኅተሙን ራሳቸው መቱበት፣ ለመጋዘኑ አስገብተው ፍርድ ቤት ሄዱ። እናናዬ ከቤቷ ሳትወጣ ቀረች።

በማግስቱ ደወሉልኝ። «ኤችአሯ፣ የሠራተኛ አስተዳደሯ፣ ኮል አድርጋ ቢሮ ጠራችኝ። ‹ይሄ ኮሚዩኒቲ ምንህ ነው?› አለችኝ። የመረጠኝ ሕዝብ ነው አልኳት። የመግቢያ ባጄን ተቀብላ አሰናበተችኝ። መተዳደሪያ ደንቡን እዪልኝ፤ ተመራጭን የሚጠብቅ አንቀጽ አይጠፋም።»

አየሁት። የሊቀመንበሩ ግዴታ አሥራ አራት አንቀጽ ነው። መብት የሚል ቃል የለም። እኛው አጨብጭበን ያጸደቅነው ደንብ ነው፤ ሳነበው አፈርኩ።

ጋሼ ግን ተስፋ አልቆረጡም። ደንቡ እንዲሻሻል፣ ማኅበሩም ለመጋዘኑ አቤት እንዲልላቸው ለቅዳሜ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«ማን መጣ ጋሼ?»

«እናናዬ አለች» አሉ። ሌላ ስም አልጨመሩም። «አንቺስ የት ደረስሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ። አምስት ነጥብ አለብኝ።»



«ከሥራሽማ እንዳትቀሪ» አሉኝ።