ክረምቱ ያልገባበት ሂሳብ

ሁሴኖ በ1952 ዓ.ም. ጥቅምት ማለቂያ ላይ ሦስተኛ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ከአዲስ አበባ ወደ አሰላ ተመለሰ። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ በመርፌ ቁልፍ አያይዞታል፤ መንገዱን ሁሉ በእጁ ሲዳብሰው ነበር የመጣው። አምስት ዓመት የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ጎማ ፈቷል፣ ጆንያ ተሸክሟል፣ ዳገት ላይ እየዘለለ ወርዶ ከጎማ ሥር ድንጋይ ወትፏል። አሁን ግን ሾፌር ነው። በዚያን ጊዜ አሰላ ላይ ሾፌር ማለት ምግብ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቀቅለት፣ ስሙን የማያውቁት እንኳ በሩቁ የሚጠሩት ሰው ነበር።

ሁለት ሥራ ቀረበለት። አንደኛው ከመንገድ ሥራ ነው፤ ጠጠር የሚያመላልስ መኪና መንዳት፣ ደመወዙም ቢዘንብም ባይዘንብም በወር ሰባ አምስት ብር። ሁለተኛው አቶ ወልደጻድቅ ከሚባሉት ሰው ነው። እኒህ ሰው አንዲት አሮጌ የጣሊያን መኪና አላቸው፤ ከጮሌና ከአርቦዬ እህል አስጭነው ናዝሬት ያስራግፋሉ፤ የሚከፍሉትም በቢያጆ፣ ለአንድ ምልልስ ዘጠኝ ብር ነው።

«ደመወዝ የሚፈልግ ዘበኝነት ይቀጠር!» አሉት አቶ ወልደጻድቅ የመኪናዋን አፍንጫ መታ መታ እያደረጉ። «ወንድ ልጅ በሮጠው ልክ ነው የሚበላው።»

«ጋሼ፣ በወር ስንት ቢያጆ ይወጣል?»

«አምስት ዓመት ረዳት የነበርከው አንተ፣ የምትጠይቀው እኔን?»

ሁሴኖ አፈረ። እውነትም የሚያውቀው መስሎት ነበር፤ የሚያውቀው ግን ግማሹን ብቻ ነው። የአካባቢው ባለመኪኖች ሰኔ ሲገባ ረዳቶቻቸውን ያሰናብታሉ። ረዳቶቹም ሞፈር ለመጨበጥ ወደየቀያቸው ይበተኑና ጥቅምት ሲጠባ ይመለሳሉ። ሁሴኖ አምስቱንም ክረምት ያሳለፈው ከአባቱ በሬዎች ኋላ እያረሰ ነው። ሾፌር ሐምሌና ነሐሴን በምን እንደሚያድር አንድ ቀን እንኳ አላየም። እሱ የሚያውቀው ሾፌር፣ ጥር ላይ እህል ከየአውድማው ሲወጣ ኪሱ አብጦ ጥሬ ሥጋ የሚያስቆርጠውን ነው። ስለዚህ የመንገድ ሥራውን ሰባ አምስት ብር በፈገግታ መለሰና የአቶ ወልደጻድቅን መሪ ጨበጠ።

በእርግጥም ጥር ላይ መቶ ሃያ ብር ያህል አገኘ። በዚያው ወር ኢፍቱን ለማግባት ሽማግሌ ላከ። ኢፍቱ ከአሰላ በላይ፣ ከጭላሎ ግርጌ የሚኖሩት የገበሬው የኦቦ ጉደታ ልጅ ናት፤ በገበያ ቀን ቅቤ ይዛ ስትወርድ ነበር የተዋወቁት። እንደ ወጉ ቢሆን ሽማግሌ በሚላክበት ቦታ ጠያቂው ራሱ አይገኝም። ኦቦ ጉደታ ግን ስለ ሾፌርነት የሚያውቁት ነገር ስላልነበረ ልጁ ራሱ መጥቶ ያስረዳን አሉ።

«በሬ የለውም፤ መሬት የለውም። ልጄ ምን ልትበላ ነው? ቤንዚን?» ሲሉ ጠየቁ፣ ከግቢያቸው ወይራ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳለ።

ሁሴኖ ተነሣ። «ኦቦ ጉደታ፣ በወር መቶ ሃያ ብር አገኛለሁ። ከዚያ አይወርድም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለመጪው ጥቅምት ሠርግ ተቆረጠ።

እስከ ሚያዝያ ነገሩ ሁሉ ደኅና ሄደ። ግንቦት ላይ ግን ከአራት ቢያጆ በላይ አልተገኘም። ሰኔ ላይ የተገኘችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ዘጠኝ ቀን ፈጀች። ከጮሌ ሲመለስ ጥቁሩ መሬት መኪናዋን እስከ ወገቧ ዋጣት። ሁሴኖ ጆንያ ላይ እያደረ፣ ቆሎ እየቆረጠመ ከረመ፤ የምልልሱም ዘጠኝ ብር በሬ ጠምደው ላወጡለት ገበሬዎች ሄደ። አሰላ ሲገባ አቶ ወልደጻድቅ መኪናዋን ግቢያቸው አስቆሙ፣ በድንጋይ አስደግፈው ከመሬት አነሷት፣ ባትሪዋንም አስነቅለው ቤት አስገቡ።

«ጋሼ፣ እኔስ?»

«አንተማ ሾፌር ነህ። እሷ ስትሄድ ትሄዳለህ።»

ክፋት አልነበረባቸውም፤ ክረምቱ ለእሳቸውም ባዶ ነው። ልዩነቱ እሳቸው የሚያከራዩት ቤት አላቸው።

ሁሴኖ ሾፌር ከተባለ በኋላ ወደ አባቱ በሬዎች መመለሱን አፍሮ፣ ሐምሌን ለጎጆ መውጫ ያጠራቀማትን እየበላ አሳለፈ። ነሐሴ ሲገባ በቀን አንድ ጊዜ መብላት ጀመረ። ቤት ያከራዩት ወይዘሮ ብርቄ ይህን ከታዘቡ በኋላ አንድ ቀን ሽሮ በእንጀራ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

«እኔስ ፍልሰታ ሆኖብኝ ነው የምጾመው። አንተን ደግሞ ማን አዘዘህ?»

«ኧረ በልቻለሁ፣ እትዬ።»

«ዋሾ! ይልቅ ያዝ፣ እጄ ተቃጠለ።»

በማግስቱ ወደ መንገድ ሥራ ሄደ። የሰባ አምስት ብሩ ቦታ በሌላ ሰው ከተያዘ ቆይቷል። የቀረው የጊዜያዊ ሾፌር ቦታ ነው፤ ሃምሳ አምስት ብር፣ ግን በየወሩ። ሰኞ እንዲጀምር ተነገረው።

ከዚያ ሲወጣ ልቡ የተንጠለጠለው ከወይራው ሥር በተናገረው ቃል ላይ ነበር። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ሠርጉ ጥቅምት ነው፤ ኢፍቱ ነገሩን የምታውቀው ቤቱ ገብታ ሁለተኛው ክረምት ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ወዴት ትመለሳለች? ይህችን ጥያቄ ሦስት ቀን ተሸክሟት ዋለ። በዚያ አገር በሽማግሌ ፊት የተሳሳተ ቃል የሚቃናው በዚያው ሥፍራ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት፣ ተናጋሪው ቆሞ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዳገቱን ወጣና ሽማግሌዎቹ እንዲጠሩለት ለመነ።

«ጥር ላይ የነገርኋችሁ የጥርን ገቢ ነው» አለ፣ ካፊያ እየመታው ቆሞ። «ዓመቱ ላይ ሲበተን በወር ሃምሳ ብር አይሞላም። ሐምሌና ነሐሴ ምንም የለም። ከሰኞ ጀምሮ ጠጠር እጭናለሁ፤ ሃምሳ አምስት ይከፍሉኛል፣ በጋም ክረምትም። ያለኝ ይኸው ነው።»

የኦቦ ጉደታ ፊት ጠቆረ። «ዋሸኸን ማለት ነው?»

«ወላሂ አልዋሸሁም። ክረምቱን አላየሁትም ነበር።»

«የገበሬ ልጅ አይደለህም እንዴ?» ጮኹ። «ጎተራ በኅዳር ይለካል? እኔ ሚስት ሳመጣ ሐምሌ ላይ ስንት ቁና እንደሚተርፈኝ አይቼ ነው!»

አንዱ ሽማግሌ ሳቁን ሊያፍን ሲሳል፣ ኦቦ ጉደታ ብድግ ብለው ወደ ቤት ገቡ። ሁሴኖ ጭቃው ጫማው ውስጥ ሲገባ እየተሰማው ቆሞ ጠበቀ። ሲመለሱ ድምፃቸው ረግቦ ነበር።

«ሠርጉ ዘንድሮ አይሆንም። የሚቀጥለውን ክረምት በሾፌርነት በልተህ ስትወጣ አይሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው ጥቅምት የአንተ ነው። ራስህ መጥተህ ባትናገር ኖሮ ግን እግርህ ይህን ደጅ አይረግጥም ነበር።»

ሁሴኖ እጅ ነሥቶ ወጣ። ኢፍቱን ከአጥሩ ወዲያ ቆማ አገኛት።

«ሰማሽ?»

«ጎረቤትስ ቢሆን የአባቴን ጩኸት የማይሰማ አለ?»

«አንድ ዓመት አሉኝ።»

«ገብተው ሲጠይቁኝ እኔ ሁለት ነበር ያልኋቸው። እሳቸው ራሩልህ።»

ቀና ብሎ አያት፤ የቀለደች አልመሰለችም።

«ታዲያ... ትጠብቂኛለሽ?»

«ያኔም እሺ ያልሁህ መቶ ሃያውን ብዬ አይደለም» አለች፣ ነጠላዋን ከካፊያው እየሰበሰበች። «አሁን ውረድ፤ ጭቃው ሳይብስ። ሰኞ ካረፈድህ ሃምሳ አምስቱም ይቀራል።»

ሁሴኖ ጫማውን አውልቆ በእጁ ያዘና ቁልቁለቱን ተያያዘው።